ከዴንቨር ወደ ጆርጅታውን የአንድ ቀን ጉዞ፦ የድሮዋን የብር ማዕድን ከተማ በደንብ ለማየት ዝርዝር መመሪያ

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ ያለን ሰዎች ዘመድ ከዲሲ ወይ ከዳላስ ወይ ደሞ ከአዲስ አበባ ሲመጣብን የት እንውሰደው የሚለው ጥያቄ ሁሌም አለ። ሬድ ሮክስ ይወሰዳል፣ ሞል ይወሰዳል፣ ማታ ሃባና መንገድ ላይ ክትፎ ይበላና በቃ ፕሮግራሙ አለቀ። እኔ የምለው አንድ ሙሉ ቀን ያዙና ጆርጅታውን ውሰዷቸው ነው። ከዴንቨር 45 ማይል ገደማ ነው፣ አይ ሰቨንቲ በሚባለው ሃይዌይ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ፣ ተራራው መሀል ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በ1870ዎቹ የኮሎራዶ የብር ንግሥት ይሏት ነበር፣ በሀብቷ ዘመን እስከ 5,000 ሰው ኖሮባታል፣ ዛሬ ነዋሪዋ ከአንድ ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ እንጀራዋም ከማዕድን ሳይሆን ከጎብኚ ነው።

ብዙ ሰው እዛ ሄዶ ባቡር ይሳፈራል፣ አይስክሬም ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። እሱም ጥሩ ነው፣ ልጆች ይደሰታሉ። ግን ትንሽ ቅደም ተከተሉን ካስተካከላችሁት በጣም የተለየ ቀን ነው የሚሆነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከመሬት ስር ግቡ፣ ከዛ የሀብታሞቹን ቤት እዩ፣ መጨረሻ ላይ ሠራተኞቹ የኖሩባትን፣ ሲልቨር ፕሉም የምትባለውን ጎረቤት ከተማ እዩ። ቤቶቹን ቀድማችሁ ካያችሁ ቆንጆ የድሮ ቤት ብቻ ናቸው፣ ማዕድኑ ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ስታዩዋቸው ግን የእያንዳንዱ መስታወትና የእያንዳንዱ ምንጣፍ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከዚ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ሰዓቱን ደሞ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጠራው እንዳትደናገሩ።

1. ቀኑን መምረጥ

ከተቻለ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ሂዱ። አይ ሰቨንቲ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተራራው፣ እሁድ ከሰዓት ደሞ ከተራራው ወደ ዴንቨር በጣም ይዘጋጋል፣ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሁለትና ሶስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ያውም ልጅ ከኋላ እያለቀሰ። ከዊኬንድ ውጪ ፈቃድ ማግኘት ካልተቻለ ቅዳሜ ይሻላል፣ ግን ከቤት ከጠዋቱ 7 ሰዓት በፊት መውጣት አለባችሁ። እሁድ ከሆነና ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን ካላችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት፣ ስትደርሱ ቀኑ አልቋል፣ ስትመለሱ ደሞ ዋናው ትራፊክ ውስጥ ትገባላችሁ።

ወቅቱን በተመለከተ የማዕድን ጉብኝቱ የሚሰራው በሰመር ስለሆነ እኔ የምለውን ቅደም ተከተል ለመከተል ሰመር ነው የሚሻለው። ጁላይና ኦገስት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብና መብረቅ ድንገት ይመጣል፣ ስለዚ ውጪ ውጪውን በጠዋት ጨርሱ። የሴፕቴምበር መጨረሻ ሌላ ነገር ነው፣ አገር ቤት አደይ አበባ በሚፈካበት ሰሞን እዚ ደሞ አስፐን የሚባለው ዛፍ ተራራውን ሙሉ ቢጫ ያደርገዋል፣ ሰዉም በዛው ልክ ይበዛል። ዲሴምበር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዊኬንዶች የገና ገበያ አለ፣ ከተማው በመብራት ያሸበርቃል፣ ትናንሽ ልጆች ላለው ቤተሰብ አሪፍ ነው፣ ብርዱን ግን እወቁት።

ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ጎማችሁን እዩ። በነዚህ ወራት በአይ ሰቨንቲ ተራራማው ክፍል ላይ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ሕግ ነው፣ ጎማው ላይ ያለው ጥርስ ከ5 ሚሊሜትር ገደማ ማነስ የለበትም። ያለቀ ጎማ ይዞ መንገድ ያዘጋ ሰው የሚጣልበት ቅጣት ቀላል አይደለም፣ ከቅጣቱ በላይ ግን ቤተሰብ ይዞ በበረዶ ቁልቁለት ላይ መንሸራተት ነው የሚያስፈራው።

2. ቲኬት መያዝ

ሁለት ነገር ነው የምትይዙት፣ የባቡሩን ቲኬትና የማዕድኑን ጉብኝት። ባቡሩ ጆርጅታውን ሉፕ ይባላል፣ ማዕድኑ ደሞ ሌባነን የሚባል የድሮ የብር ማዕድን ነው። ማዕድኑ ጋ በመኪና መድረስ አይቻልም፣ ባቡሩ ነው መንገድ ላይ የሚያወርዳችሁ፣ ስለዚ ቲኬቱን ኦንላይን ስትገዙ ማዕድኑንም የሚጨምረውን ምረጡ፣ ብቻውን አይሸጥም። በሰመር ቶሎ ያልቃል፣ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያዙ፣ ከጠዋት ፈረቃዎች አንዱን ምረጡ።

እዚ ጋ ልብ በሉ፦ ባቡሩ ሁለት ጣቢያ ነው ያለው። አንዱ ጆርጅታውን በኩል ዴቪልስ ጌት የሚባለው ነው፣ ሌላው ላይኛው ከተማ ሲልቨር ፕሉም ነው። ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈው ጣቢያ ነው መሄድ ያለባችሁ፣ ጂፒኤስ ላይ "ጆርጅታውን ባቡር" ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ወደ አንዱ ይወስዳችሁና ባቡሩ ከሌላው ሊነሳ ይችላል። እኔ ዴቪልስ ጌትን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ባቡሩ ዳገቱን ሲወጣ ነው ጉልበቱ የሚታየው፣ ድልድዩንም ከስር አይታችሁት ነው ላዩ ላይ የምትወጡት።

የጋሪ ምርጫ አለ፣ ክፍት፣ ጣሪያ ብቻ ያለው፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ። ወጣት ከሆናችሁ ክፍቱ፣ እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ የተዘጋው ወይም ጣሪያ ያለው ይሻላል፣ በሰመርም ቢሆን ጠዋት ሸለቆው ውስጥ ንፋሱ ይበርዳል።

ማዕድኑ ውስጥ ሁሉም ሰው መግባት የለበትም። መሬቱ እኩል አይደለም፣ እርጥብ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ። ጉልበቷን የሚያማት እናት ወይም ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ባቡሩ ላይ ተቀምጦ ጉዞውን ይቀጥል፣ በኋላ ጣቢያው ላይ ትገናኛላችሁ። ይሄን ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩበት፣ እዛ ደርሶ "እኔም ልግባ፣ አንቺ ተይው" መባባል ደስ አይልም።

3. ምን ይያዝ

ጃኬት። ኦሮራ ላይ ሙቀት ቢገድላችሁም ጃኬት ያዙ፣ ማዕድኑ ውስጥ ክረምት ከበጋ ብርድ ነው። የተዘጋ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ጸሐይ ስለምታቃጥል ኮፍያና የጸሐይ ቅባት። ውሃ ደሞ በብዛት።

የከፍታው ጉዳይ በየእንግዳው ይለያያል። ዴንቨር 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጆርጅታውን 2,600፣ ሲልቨር ፕሉም ከ2,700 በላይ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ምንም አይመስለውም፣ የደብረ ብርሃን ሰው ደሞ ከሰፈሩ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ችግሩ ከዲሲ፣ ከሂዩስተን ወይም ከዱባይ የሚመጣው ነው፣ ከባሕር ጠለል ላይ ተነስቶ በማግስቱ እዛ ላይ ሲወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ዓይነት እንግዳ በደረሰ ማግስት አትውሰዱት፣ ሁለት ሌሊት ዴንቨር ይደር፣ በዋዜማው መጠጥ ይቅር፣ ውሃ ይጠጣ፣ እዛም ላይ አትሩጡበት። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ ይሂድ። እዛ እያለ ከባሰበት መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፣ "ትንሽ ይረፍና ይሻለዋል" ብላችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ።

ምግብ ከቤት ያዙ እላለሁ። ከተማዋ ውስጥ የሚበላ አለ፣ በርገርና ሳንድዊች አይጠፋም፣ ነገር ግን የጾም ቀን ከሆነ ምርጫው ጠባብ ነው፣ በሰመር እኩለ ቀን ላይ ደሞ ወረፋው ረጅም ነው። ፍርፍር በሳህን፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬ፣ ቡናው በፔርሙዝ። ቡና እዛው በከሰል እናፍላ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቅር ይበላችሁ፣ ሰመር ላይ በደረቅነቱ ምክንያት እሳት ማንደድ የሚከለከልበት ጊዜ ብዙ ነው፣ እነዛ ደኖች አንዴ ከተነሱ አይቆሙም። ቤት አፍልታችሁ ያዙ።

4. መንገዱ

ከኦሮራ ከተነሳችሁ አንድ ሰዓት ከሩብ ያዙለት፣ ትራፊክ ከሌለ። ነዳጅ ዴንቨር ላይ ሙሉ። ከዛ አይ ሰቨንቲ ዌስት ነው፣ መታጠፊያ የለም፣ ጆርጅታውን ኤግዚት 228 ነው፣ ሲልቨር ፕሉም ደሞ 226።

መንገድ ላይ በስተግራ የሚከፈልበት ኤክስፕረስ ሌን አለ። ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ምልክቱ ላይ ዋጋው ይጻፋል፣ ዋጋውም እንደ ትራፊኩ ይቀያየራል። ሳታስቡበት ከገባችሁ ካሜራው ታርጋችሁን ያነሳና ቢሉ ቤት ይመጣል፣ የክፍያ ፓስ ከሌላችሁ ደሞ ዋጋው ከፍ ይላል። የተከራያችሁት መኪና ከሆነ የባሰ ነው፣ አከራዩ የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል።

ጆርጅታውን ከመድረሳችሁ በፊት አይዳሆ ስፕሪንግስ የምትባለውን ከተማ ታልፋላችሁ፣ በቀኝ በኩል ተራራው ላይ ደረጃ በደረጃ የተሰራ ትልቅ ቀይ ሕንፃ ይታያል፣ አርጎ ሚል ይባላል፣ የወርቅ ድንጋይ የሚፈጭበት ነበር። ሁሉም ነገር የተጀመረው እዚ አካባቢ ነው። ጃንዋሪ 1859 ጆርጅ ጃክሰን የሚባል ሰው እዚ ወንዝ ዳር ወርቅ አገኘ፣ ወሬው ሲሰማ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ከዛ በፊት እነዚህ ተራሮች የዩትና የአራፓሆ ሕዝቦች ነበሩ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው ከገዛ መሬታቸው የተገፉት፣ ይሄን ለልጆች መንገር ጥሩ ነው። በዛው ዓመት ጆርጅና ዴቪድ ግሪፊዝ የሚባሉ ወንድማማቾች ከኬንታኪ መጥተው ወንዙን ወደ ላይ ተከትለው ሄዱና ወርቅ አገኙ፣ ቦታው በታላቁ ወንድም ስም ጆርጅታውን ተባለ። ወርቁ ግን ትንሽ ነበር። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ከዛ በኋላ በ1864 ከበላይዋ ባለው ተራራ ላይ የተገኘው ብር ነው።

5. ባቡሩና ማዕድኑ

ጣቢያው ላይ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ፓርኪንጉ ይሞላል፣ ሽንት ቤትም እዛው ነው፣ ማዕድኑ ውስጥ የለም።

ከመሳፈራችሁ በፊት ለልጆቹ ይሄን አስረዷቸው፣ ካላወቁት ዝም ብሎ ባቡር ነው የሚሆንባቸው። ጆርጅታውንና ሲልቨር ፕሉም የሚራራቁት 2 ማይል ብቻ ነው፣ ግን ሲልቨር ፕሉም በ640 ጫማ ከፍ ትላለች፣ ማለት 195 ሜትር። ባቡር እንዲህ ዓይነት ዳገት ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ጎማው ብረት ሐዲዱም ብረት ስለሆነ ይንሸራተታል። ስለዚ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን እያጠማዘዙ 4.5 ማይል አስረዘሙት፣ አንድ ቦታ ላይ እንደውም ሐዲዱ ክብ ሰርቶ በገዛ ራሱ ላይ በድልድይ ያልፋል። ድልድዩ 95 ጫማ ከፍታ አለው፣ 29 ሜትር ያህል። በ1884 ነው ያለቀው። የባቡሩ ባለሀብቶች ሐሳባቸው ተራራውን አልፎ ሊድቪል መድረስ ነበር፣ ያኔ ሊድቪል ከጆርጅታውን የበለጠ ብር ይወጣባት ነበርና፣ አልሆነም፣ ሐዲዱ ከሲልቨር ፕሉም ትንሽ አልፎ ቀረ። በ1939 ፈርሶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። አሁን የምትሳፈሩበት ድልድይ በ1984 እንደገና የተሰራ ነው፣ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ።

ድልድዩ ላይ ስትደርሱ በየትኛው በኩል ልቀመጥ የሚለው ላይ አትጨነቁ፣ ባቡሩ ስለሚዞር ሁለቱም ወገን ተራውን ያገኛል። ባቡሩ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከማዕድኑ ጋር ግማሽ ቀን ያህል መድቡለት።

ማዕድኑ ጋ ስትወርዱ የራስ ቁር ይሰጣችኋል፣ አስጎብኚ ይመራችኋል። እዚ ጋ አትቸኩሉ፣ ይሄ የቀኑ ዋና ነገር ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ክብ ቀዳዳዎች እዩ፣ እነሱ የመሮ ቀዳዳዎች ናቸው። በ1870ዎቹ አንዱ ብረቱን ይይዛል፣ ሌላው በትልቅ መዶሻ ይመታል፣ በመታ ቁጥር ያዡ ብረቱን ትንሽ ያዞረዋል፣ መዶሻው ከሳተ የሚሄደው የያዡ እጅ ነው። ይሄ ሁሉ በሻማ ብርሃን ነው። ቀዳዳው ሲጠልቅ ባሩድ ወይም ዳይናማይት ይሞላበትና ይፈነዳል፣ ከዛ ድንጋዩ በጋሪ ተጭኖ ይወጣል። የቀን ደመወዙ 3 ዶላር ገደማ ነበር። በኋላ በአየር ግፊት የሚሰራ መሰርሰሪያ መጣ፣ ሥራው ፈጠነ፣ ግን ደረቅ አቧራው ሳንባ ውስጥ እየገባ ሰዎቹን በጎልማሳነታቸው ይገድላቸው ነበር፣ አቧራውን በውሃ ማርጠብ የመጣው ቆይቶ ነው።

አስጎብኚውን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ የብሩ መስመር የትኛው እንደሆነ ያሳያችሁ፣ ብዙ ሰው ነጭ የሚያብረቀርቅ ነገር ይጠብቃል፣ የሚታየው ግን ጥቁር ግራጫ መስመር ድንጋይ ውስጥ ነው፣ ብሩ ከእርሳስና ከዚንክ ጋር ተደባልቆ ነው ያለው፣ ለማውጣት ተፈጭቶ መቅለጥ ነበረበት፣ ስለዚ ብቻውን የሚቆፍር ድሃ ሰው ወርቅ አጥቦ እንደሚሸጠው ብር መሸጥ አይችልም ነበር፣ ማሽንና ካፒታል ያለው ነው የሚበላው። ከሻኪሶ ወይም ከአሶሳ በኩል የመጣ፣ ወርቅ ሲታጠብ ያየ እንግዳ ካላችሁ ይሄን ልዩነት ወዲያው ይገባዋል። ሁለተኛ ለአፍታ መብራቱን እንዲያጠፋላችሁ ጠይቁት። ልጆቹን እጅ ያዙ ብቻ።

ጣቢያው አካባቢ ልጆች ወርቅ በሳህን የሚያጥቡበት ቦታ አለ፣ ጊዜ ካላችሁ ሃያ ደቂቃ ስጧቸው።

6. ምሳ

ጆርጅታውን መሀል ፓርክ አለ፣ ጥላ አለው፣ ወይም ደሞ ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ሐይቅ ዳር። ንፋስ ካለ ፓርኩ ይሻላል። የተረፈውን ሁሉ ሰብስባችሁ ውሰዱ፣ ድብ ያለበት አገር ነው፣ ምግብ መኪና ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉ።

7. ከተማውን በእግር

መኪናችሁን አንድ ቦታ አቁሙና በእግር ሂዱ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሜዳም ናት። ዋናው መንገድ 6ኛ ስትሪት ነው።

መጀመሪያ ኦቴል ደ ፓሪ ግቡ፣ አሁን ሙዚየም ነው፣ በሰመር ነው በብዛት ክፍት የሚሆነው፣ የሚከፈትበትን ሰዓት ቀድማችሁ እዩ። የዚህ ቤት ታሪክ ለብቻው መንገዱን ያክሳል። ባለቤቱ ሉዊ ዱፒዊ ይባል ነበር፣ ትክክለኛ ስሙ ግን አዶልፍ ዤራር ነው፣ ፈረንሳዊ። ከፈረንሳይ ጦር ጠፋ፣ አሜሪካ መጥቶ በአሜሪካ ጦር ተቀጠረ፣ ከዛም ጠፋ፣ ስሙን ቀየረና ማዕድን ሠራተኛ ሆኖ እዚ መጣ። በ1873 ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ሲደርስ ጓደኛውን ለማዳን ሲል ክፉኛ ተጎዳ፣ ከዛ በኋላ መቆፈር አልቻለም። የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጣለት፣ እኛ ሰው ሲቸገር እንደምናዋጣው፣ በዛ ገንዘብ ዳቦ ቤት ይዞ ተነሳ፣ በ1875 ያንን ዳቦ ቤት ሆቴል አደረገው። ተራራ መሀል የፈረንሳይ ምግብ፣ የፈረንሳይ ወይን፣ በኋላም የእንፋሎት ማሞቂያና የኤሌክትሪክ መብራት። በ1900 ነው የሞተው። የምግብ አዳራሹንና ወጥ ቤቱን አትለፉ፣ ዕቃው አብዛኛው የራሱ ነው፣ እንደነበረ ነው ያለው።

ከዛ ወደ ሃሚል ቤት። ዊልያም ሃሚል በብር ማዕድን የከበረና ፖለቲካ ውስጥ የነበረ ሰው ነው፣ ቤቱን በ1879 አካባቢ አስፋፋው፣ የተጠማዘዘ መስታወት ያለው የአበባ ክፍል ሳይቀር ሰራበት። እኔ ሰው ስወስድ ግን ጓሮውን ነው ቶሎ የማሳየው። ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ለሁለት የተከፈለ ነው፣ የቤተሰቡ ወገን መቀመጫው ከዋልነት እንጨት፣ የሠራተኞቹ ወገን ደሞ ከርካሽ ጥድ። ጠዋት ማዕድኑ ውስጥ የነበረ ሰው ይሄን ሲያይ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በመንገዳችሁ ላይ ግንብ ያለውን የድሮ የእሳት አደጋ ጣቢያ ታዩታላችሁ፣ አልፓይን ሆዝ ይባላል፣ 1874 የተሰራ። ብዙ የማዕድን ከተሞች ከእንጨት ስለተሰሩ ተቃጥለው አልቀዋል፣ ጆርጅታውን ግን በበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎቿና ቀድማ በዘረጋችው የውሃ መስመር ምክንያት ተርፋለች፣ እነዛን ሁሉ የእንጨት ቤቶች ዛሬ የምናየው በነሱ ነው። በ1966 ከሲልቨር ፕሉም ጋር አብራ የብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ክልል ተብላለች።

እዚ ላይ ለእንግዶቻችሁ ከተማዋ ለምን እንደቆመች ንገሯቸው። የአሜሪካ መንግሥት በ1890 በወጣ ሕግ በየወሩ 4.5 ሚሊዮን አውንስ ብር ይገዛ ነበር፣ ይሄ ነው ዋጋውን ደግፎ የያዘው። በ1893 የባንክ ቀውስ መጣ፣ ሕጉ ተሻረ፣ የብር ዋጋ ወደቀ፣ ማዕድኖቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሃሚልም ሀብቱ አለቀ። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ አንድ ወረቀት እዚ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሥራ ፈት አደረገው። ሰዉ ሲሄድ ቤቱን አፍርሶ አዲስ የሚሰራበት ገንዘብ ያለው ስላልነበረ ነው ቤቶቹ እንደነበሩ የቆዩት።

8. ሲልቨር ፕሉም

ብዙ ሰው ይሄን ይዘላል፣ እባካችሁ እናንተ አትዝለሉት። በመኪና አምስት ደቂቃ ነው። መንገዶቹ አስፋልት የላቸውም፣ የሚኖርባት ሰው ሁለት መቶ ገደማ ነው፣ የሱቅ ግርግር የለም። ጆርጅታውን የባለሀብቶቹና የሥራ አስኪያጆቹ ከተማ ከነበረች ይቺ የቆፋሪዎቹ ናት፣ ቤቶቹን ስታዩ ይታያችኋል፣ ጠባብ፣ ዝቅ ያሉ፣ የተጠጋጉ። ከኮርንዎል፣ ከአየርላንድ፣ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ነበሩ፣ ቋንቋ ሳያውቁ፣ አገር ቤት ገንዘብ እየላኩ፣ ከአገር ልጅ ጋ አንድ ቤት እየተጋሩ። እኛ ይሄን ሕይወት ማንም ሳያስረዳን እናውቀዋለን፣ ለዚህ ነው እዚ ከተማ ላይ አብዝቼ የማወራው። በ1899 ከበላይ ካለው ገደል የወረደ በረዶ የጣሊያን ቆፋሪዎችን ከነቤታቸው ቀብሯቸዋል፣ መታሰቢያቸው መቃብር ስፍራው ውስጥ አለ።

እግሩ የሚችል ሰው ካለ ሰባት ሠላሳ የሚባለው የድሮ ማዕድን መንገድ ከከተማው ተነስቶ ተራራው ላይ ይወጣል፣ ዳገት ነው፣ ውሃ ያዙ። ላይ ያለው የድንጋይ ሐውልት የክሊፎርድ ግሪፊን ነው፣ የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ ነበር፣ በ1887 ነው የሞተው። ማታ ማታ ከቤቱ በር ላይ ቫዮሊን ይጫወት ነበር፣ ታች ያሉት ቆፋሪዎች ይሰሙት ነበር ይባላል። እስከ ሐውልቱ ባትደርሱም ግማሽ መንገድ ወጥታችሁ ሸለቆውን ማየት ይበቃል።

አሁን ኮስተር ብዬ የምለው አንድ ነገር አለ። በእግር ስትሄዱ ተራራው ላይ የተከፈቱ የድሮ ጉድጓዶችና ዋሻዎች ታያላችሁ። በጭራሽ አትግቡ፣ ልጅም አይቅረብ። ውስጡ ኦክስጅን የሌለው አየር ሊኖር ይችላል፣ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰው ሁለት እርምጃ ገብቶ ይወድቃል። ወለሉ የበሰበሰ እንጨት ሆኖ ከስሩ በመቶ የሚቆጠር ጫማ ጥልቀት ሊኖር ይችላል። የወንዙንም ውሃ አትጠጡ፣ ክሊር ክሪክ ስሙ ንጹሕ ወንዝ ቢሆንም ከነዚህ ማዕድኖች የሚወጣ ብረታ ብረት ገብቶበት ከ1983 ጀምሮ የፌደራል መንግሥት ከሚያጸዳቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። ቢጫና ግራጫ የሆኑት የድንጋይ ክምሮች ላይም ልጆች አይጫወቱ፣ እርሳስና አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል፣ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።

9. ጊዜ ከተረፈ

ከሁለት አንዱን ምረጡ። ጓኔላ ፓስ ከጆርጅታውን ተነስቶ እስከ 3,557 ሜትር የሚወጣ አስፋልት ነው፣ ጥምዝምዝ ነው፣ በዊንተር በረዶ ይዘጋል፣ እይታው ግን ልብ ይሞላል። ከፍታ የከበደው እንግዳ ካለ ግን ተዉት። አለበለዚያ ሐይቁ ጋ ቢግሆርን የሚባሉትን የዱር በጎች ፈልጉ፣ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተጠቀለለ ነው፣ ገደሉ ላይ ስለሚመሳሰሉ ቶሎ አይታዩም፣ መመልከቻው ጋ ቆማችሁ በቀስታ ፈልጉ። በፎልና በዊንተር ነው በብዛት ዝቅ የሚሉት። አትመግቧቸው፣ አትጠጓቸው፣ ለነሱ ብላችሁ ሃይዌይ ዳር አትቁሙ።

10. መመለስ

ወይ ከቀኑ 2 ሰዓት በፊት ተነሱ ወይ ደሞ ከምሽቱ 7 በኋላ፣ በተለይ እሁድ። መሀል ላይ ከወደቃችሁ አይዳሆ ስፕሪንግስ ወጥታችሁ እራት ብሉ፣ ከ1973 ጀምሮ ያለ ቦ ጆስ የሚባል ፒዛ ቤት አለ፣ ወፍራም ጠርዙን መጨረሻ ላይ ማር እየቀባችሁ ነው የምትበሉት። እግረ መንገዳችሁን የአርጎን ታሪክ አንሱ፣ ከቀዩ ሕንፃ ስር የሚነሳው ዋሻ 4 ማይል አልፎ ሴንትራል ሲቲ ድረስ ይሄዳል፣ ለመቆፈር ከ1893 እስከ 1910 ፈጅቷል፣ በ1943 ከላይ ባለ ማዕድን የተጠራቀመ ውሃ ሰብሮ ገብቶ አራት ቆፋሪዎች ገደለና በዛው ተዘጋ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ፣ ይግላል፣ ከዛ አይዝም። ማርሹን ዝቅ አድርጉ፣ አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅ የሚያደርግ አለው፣ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ኤግዚት 254 ጄነሲ ጋ የዴንቨር ከተማ የሚያረባቸው ጎሾች ከአጥር ውስጥ ይታያሉ፣ ሁሌ አይደሉም ግን ልጆቹ ካልተኙ መውጣት አያስቆጭም፣ ከአጥሩ ውጪ ሆናችሁ እዩ። ከዛ ወደ ኦሮራ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው፣ መሀል ከተማው ከተዘጋ ሲ 470 የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ በደቡብ በኩል ዙሩ።